ሆዴ ባር ባር ይለኛል ላልሽኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣
ጎንደር

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ወንድምሽስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «እማዬ፣ ሆዴ ባር ባር ይለኛል፤ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ ቀኑን ሙሉ የሆነ ነገር እጠብቃለሁ» ብለሽኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሱም በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወርድ ሰው ስላገኘሁ ይኸው ጻፍኩልሽ። ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጀምር አትበይ።

«አትጨነቂ» አልልሽም። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት፣ ሥራው መቼ እንደሚገኝ በማይታወቅበት ጊዜ ሰው ይጨነቃል፤ የእምነት ማነስም፣ የልብ ድክመትም አይደለም። ግን ወሬው ሁሉ ደህና ሲሆን ያኔ እረጋጋለሁ ብለሽ ከጠበቅሽ ብዙ ትጠብቂያለሽ። እርጋታን እንደ እንጀራ አስቢው። ሊጡ ቀድሞ ካልተቦካ፣ እንግዳ ደጅ ቆሞ ምጣድ ብትጥጂ አይሆንም። ከዚህ በታች የምነግርሽን በደህናው ቀን ካልተለማመድሽው በክፉው ቀን እጅሽ ላይ አይገኝም።

ከሰውነትሽ ጀምሪ። ባር ባር ሲልሽ ሰውነትሽ አደጋ አለ ብሎ ደውሉን ደውሏል ማለት ነው። አድሬናሊን የሚባለው ቅመም በደም ይሰራጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ሆድ ይላወሳል። ይህ ደውል ነብር ስታዪም፣ ስልክሽ ላይ ክፉ ወሬ ስታነቢም ያው አንድ ነው። ነብር ቢሆን ትሮጪ ነበር፣ ሩጫውም ቅመሙን ይጨርሰዋል። ወሬውን ግን ቁጭ ብለሽ ስለምታነቢው ቅመሙ በውስጥሽ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ራስሽን በምክንያት ለማሳመን አትልፊ፤ ትንፋሽሽን አስቀድሚ።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽ ተቀመጪ፣ ሁለት እግርሽ መሬት ይንካ፣ አንድ እጅሽን እምብርትሽ ላይ አድርጊ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፤ ደረትሽ ሳይሆን ከእጅሽ በታች ያለው ሆድሽ ከፍ ይበል። ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዢ ከንፈርሽን ጠበብ አድርገሽ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ገደማ ነው፤ 5 ደቂቃ ከሠራሽ 30 ጊዜ ተነፈስሽ ማለት ነው። መውጫው ከመግቢያው መርዘም አለበት፤ ልብ የሚዘገየው አየር ስናወጣ ነውና።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «በረጅሙ ተንፍሺ» ሲባል እንደ ወናፍ አየር ይስባል። ያኔ በደም ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ከመጠን በታች ይወርዳል፤ ራስ ይዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ «ልሞት ነው» የሚል ፍርሃት በላዩ ይጨመራል። እንዲህ ከሆነብሽ ትንፋሽሽን አሳንሺው፣ ፍጥነቱንም ቀንሺ። ድንገተኛ ድንጋጤ ወጥሮ ቢይዝሽም ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ደርሶ መውረድ እንደሚጀምር እወቂ። አትታገዪው፣ አትሽሺውም፤ ሰዓትሽን እያየሽ ትንፋሹን ቀጥዪ።

መቁጠር ቢሰለችሽ የአያትሽ መቁጠሪያ አለልሽ። 41 ፍሬ ነው፤ በእያንዳንዱ መውጫ ትንፋሽ አንድ «እግዚኦ» እያልሽ ብትዘልቂ 7 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጸሎትሽም ይደርሳል፣ ልብሽም ያርፋል። ሙስሊሟ ጓደኛሽም በዚክሯ እንዲሁ ማድረግ ትችላለች። ጠዋት ከአልጋ ስትነሺና ማታ ከመተኛትሽ በፊት ለሁለት ሳምንት ሳታቋርጪ ያዢው።

ቡናውን በተመለከተ ትቆጪኛለሽ፣ ግን ልናገር። ከአከራይሽ ጋር 11 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላችሁ ትጠጣላችሁ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የ11 ሰዓቱ ቡና ግማሹ ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ገና ደምሽ ውስጥ አለ። ልብ ድው ድው ማሰኘቱ፣ እጅ ማንቀጥቀጡ ደግሞ ከፍርሃት ጋር አንድ ስለሆነ አእምሮሽ «አንድ ነገር አለ» ብሎ ይተረጉመዋል። ጨዋታውን ግን እንዳትተዪ፤ ከቡናው ይልቅ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። ቡናሽን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጠጪ፣ ለማታው ፈንዲሻውን እየቆረጠምሽ ተጫወቺ።

እንቅልፍን በአጭሩ ልበልሽ። መኝታሽ ቢዘበራረቅም መነሻሽ ሁልጊዜ 12 ሰዓት ይሁን። ጋደም ብለሽ 20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ተነሺ፣ በደብዛዛ ብርሃን ልብስ እጠፊ፣ ሲያንጎላጅሽ ተመለሺ። አልጋ ላይ ተጋድመሽ ስትብሰለሰዪ ካደርሽ አልጋው ራሱ ጭንቀት ያስታውስሻል። አረቄ ያስተኛል የሚሉሽን አትስሚ፤ ያስተኛና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያባንናል።

አሁን ወደ ወሬው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ከእጅሽ እንደማይለዩ አውቃለሁ። ጨርሰሽ ዝጊው አልልሽም፤ የዘጉት ሰዎች አንዳንዴ ይብስባቸዋል፣ ምክንያቱም ወሬው በአጥር ዞሮ ተጋንኖ ይመጣባቸዋል። ሰዓት ወስኚለት፦ ጠዋት ከቁርስ በኋላና ማታ 12 ሰዓት፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ። ስልኩ መኝታሽ አጠገብ አይደር፤ ለመቀስቀሻ ርካሽ ሰዓት ግዢ። አንድ ወሬ ሲመጣ ማን በዓይኑ አየ? መቼ? ፎቶው የዛሬ ነው ወይስ የዱሮ? ብለሽ ጠይቂ። እዚያው ሰፈር የሚኖር ሰው ካለ ደውዪ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «እውነት ቢሆን ዛሬ የማደርገውን ይለውጣል?» የሚለው ነው። የሚለውጥ ከሆነ አድርጊው፤ ካልለወጠ ለማታው ይደር። ያላጣራሽውን ለሌላ አታስተላልፊ፤ የሌላዋን እናት ሆድ ባር ባር ታሰኚያለሽና።

ለሐሳብሽም ቀጠሮ ስጪው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለ20 ደቂቃ፣ ከአልጋ ርቀሽ፣ ደብተርና ብዕር ይዘሽ ተቀመጪ። ገጹን ለሁለት ክፈዪው፤ በአንዱ «በእጄ ያለ»፣ በሌላው «ከእጄ የወጣ» ብለሽ ጻፊ። «ሁሉም ነገር ያስፈራኛል» ብለሽ ብትጽፊ ምንም አይረዳሽም፤ የምትይዥው ጫፍ የለውምና። «ወር በገባ በ5 የቤት ኪራይ አይሞላልኝም» ብለሽ ጻፊ። እሱ ጫፍ አለው፦ ማክሰኞ አከራይሽን አነጋግሪ፣ ግማሹን አስቀድመሽ ስጪ። በእጅሽ ላለው ለእያንዳንዱ አንድ ትንሽ ሥራና አንድ ቀን ወስኚ። ከእጅሽ የወጣውን ደግሞ ለፈጣሪ ስጪው። ሌሊት ሐሳቡ ተመልሶ ቢመጣ «ቀጠሮህ ነገ 10 ሰዓት ነው» በይው። መጀመሪያ አይሰማሽም፤ ቀጠሮውን በታማኝነት ከጠበቅሽለት ግን ቀስ በቀስ መታዘዝ ይጀምራል።

ከወረቀቱ ሥራ ሁሉ ቶሎ የሚያሳርፍሽ ቤትሽን ማዘጋጀት ነው። አእምሮ «ውሃ ቢጠፋስ?» እያለ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠይቀው መልስ ስላጣ ነው፤ መልሱን ጥግ ላይ ደርድረሽ አሳዪው። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በጠባቡ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ይበቃል። ለሁለታችሁ 30፣ ለሦስት ቀን 90 ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አምስት ይሁንልሽ። የቧንቧው ውሃ ሲመጣ አሮጌውን ለልብስ ተጠቀሚና በአዲስ ተኪው። የምትጠጪውን ስታፈዪ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ ይቆይ። ጎንደር ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 93 ገደማ ላይ ይፈላል፤ ብቅ እንዳለ ብታወርጂው አይበቃውም። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ፣ እጅ አይግባበት።

ምግቡን በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ አድርጊው። በሶ እሳት ስለማይፈልግ መብራትም ከሰልም ባይኖር ያሳድራችኋል። ቴሌብርሽ ኔትወርክ ሲጠፋ ስለማይሠራ የሳምንት ወጪ በዝርዝር ብር ያዢ። የትምህርት ማስረጃችሁንና መታወቂያችሁን ኮፒ አድርገሽ በፕላስቲክ ጠቅልዪ፤ የወንድምሽ የአስም መድኃኒት ሊያልቅ 2 ሳምንት ሲቀረው ግዢ። ከዚህ በላይ ግን አታከማቺ። ጓዳው በሞላ ቁጥር ፍርሃቱ አብሮ ያድጋል፣ ገበያውም በጎረቤት ላይ ይወደዳል።

ለወንድምሽ እውነቱን በአጭሩ ንገሪው፦ «መንገድ ተዘግቷል፣ እኛ ቤት ነን፣ የምንበላው አለን፣ እማዬ ደህና ናት።» ልጅ ከዚህ በላይ ዝርዝር አያሻውም። የሚያረጋጋው ምሳው በሰዓቱ መቅረቡ፣ መኝታውም በሰዓቱ መሆኑ ነው። ወሬ ስታወሩ የሚሰማ አይመስላችሁም እንጂ ሁሉንም ይሰማል።

ቀኑ ደህና ሲሆን አብራችሁ ውጡ፤ በብርሃን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ያን የቀረውን ቅመም ያወጣዋል። ወደ ቀሃ፣ ፋሲል መዋኛ ድረስ ሂዱ፤ ወይም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን። እዚያ ስትደርሺ አጥሩ ላይ ያሉትን ክብ ማማዎች ቁጠሪ፣ ገብተሽም ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንድ በአንድ እያቸው። ዓይን አንድ ነገር ላይ ሲያርፍ ሐሳብም ያርፋል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከሱዳን ገብተው የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ እሷ ተረፈች። ሰው የሚያወራው የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳባረራቸው ነው። እኔ ግን የማስበው ስለሌሎቹ ነው፤ አመዱን ጠርገው፣ ድንጋዩን ለቅመው፣ የተቃጠለውን እንደገና ስለሠሩት ሰዎች። ቀኑ እስኪጠራ አልጠበቁም።

ተስፋንም እንደዚያው በእጅሽ ሥሪው። ቅርብ የሆነ ነገር፣ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ፣ መንገዱ ቢዘጋ ሁለተኛ መንገድ ይኑርሽ። «ሥራ ይገኝ ይሆናል» አትበይ። በዚህ ሳምንት ሦስት ማመልከቻ አስገባለሁ፣ ካልሆነ ለሰፈር ልጆች ሒሳብ አስጠናለሁ በይ። እጅሽ እንዳይፈታ ደግሞ ጣሳ ውስጥ ፌጦ ዝሪ፤ አፈሩን ካላደረቅሽው በሦስት አራት ቀን ይበቅላል፤ ውሃ ማጠጣቱን ለወንድምሽ ስጪው።

አንድ የምለምንሽ አለ። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋብሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ወይም «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ አትደብቂኝ። የመጨረሻው ከሆነ አንድ ቀንም አትጠብቂ፤ ሰው አስከትለሽ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሂጂ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ደምሽንም ይዩት፤ የደም ማነስና አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት ልብን እንደ ጭንቀት ያስመታሉ። ጸበል መጠመቅ ብትፈልጊ ተጠመቂ፤ የታዘዘልሽን መድኃኒት ግን ካዘዘሽ ሐኪም ጋር ሳትነጋገሪ አታቋርጪ።

በሶውን 2 ኪሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ መቁጠሪያው በነጠላው ጫፍ ተቋጥሯል። ጄሪካኖቹን ስትሞዪ ስንት እንደሆኑልሽ ለዚሁ ሰው ንገሪው፣ ሐሙስ ይመለሳል። ፌጦው መብቀሉንም ወንድምሽ በእጁ ይጻፍልኝ።

እናትሽ