እታለም፣ የሞሮኮን ግድግዳ ልኬልሻለሁ

እታለም፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው።

ባለፈው በስልክ «የግድግዳ ፎቶ ብቻ ነው የምትልከው፣ አንተ የታለህ?» ብለሽኝ ነበር። ልክ ነሽ። የኔን ሁለት ፎቶ ጨምሬያለሁ፣ ለእማዬ አሳዪያት። ስለ ግድግዳዎቹ ግን ልንገርሽ።

ቦታው ኢፕኮት ይባላል። ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው ትልቅ የመዝናኛ ሥፍራ ውስጥ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ነው የተከፈተው። አንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፣ ዙሪያውን የ11 አገሮች ሕንፃ ተሠርቷል፤ ከሜክሲኮ ተነስተሽ ኖርዌይን፣ ቻይናን፣ ጀርመንን፣ ጣሊያንን እያልሽ በእግርሽ ስትዞሪ መጨረሻ ላይ ካናዳ ትደርሻለሽ። ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። በምድር ወገብ አካባቢ ላሉት የአፍሪካ አገሮችም አንድ ሊሠራ ታቅዶ ነበር፣ ሳይሠራ ቀረ። ቻይናና ጀርመን መሃል አንዲት ትንሽ ማረፊያ ነገር አለች፣ በቃ። ይሄ ሁሌም ቅር ይለኛል።

ብዙዎቹ ሕንፃዎች ዓይንን ለማታለል ታስበው የተሠሩ ናቸው። የፈረንሳዩ አይፍል ታወር ከዋናው አንድ አሥረኛ ነው። የካናዳው ሆቴል ደግሞ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መስኮቱ እያነሰ ይመጣል፤ ከታች ሆነሽ ስታዪው ሰማይ የነካ ይመስልሻል። አንድ ቀን ስልኬን ደግኜ ላነሳው ስል አንዲት ወፍ መጥታ የላይኛው መስኮት ላይ አረፈች። መስኮቱን ልትሞላው ምንም አልቀራት። ያን ፎቶ በጣም ነው የምወደው፣ ሦስተኛው እሱ ነው።

ጃፓን ጋ ውሃው ዳር ቀይ ትልቅ በር ቆሟል፣ ኢትሱኩሺማ ባለው የቤተ መቅደስ በር አምሳል የተሠራ። ጎንበስ ብለሽ እግሩን እዪው። ባሕር ውስጥ የቆየ እንጨት ላይ የሚጣበቁት ዛጎል ለባሽ ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት አሉ አይደል? የእነሱ አምሳያ ተለጥፎበታል፣ ያረጀ እንዲመስል። ማንም ልብ የማይለው ቦታ ላይ እንዲህ የተጨነቀውን ሰው አከብረዋለሁ።

ሞሮኮ ግን ሌላ ነው። በ1984 ሲሠራ ንጉሡ ዳግማዊ ሐሰን የራሳቸውን ባለሙያዎች ከሞሮኮ ልከው ነው ያሠሩት። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የፌዝ ከተማን በር የሚመስለው በር ፊት ቆሜ ሁሉንም በአንድ ፎቶ ላስገባ ታገልኩ። ስልኩን ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ግድግዳው ወደ ውስጥ ተጋደመ፣ ከታች ደግሞ የሰው ጭንቅላት ብቻ። ተውኩትና ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ፣ አንድ ክንድ እስኪቀረኝ ድረስ። ግድግዳው በኮከብ ቅርጽ በተገጣጠሙ ትንንሽ ባለቀለም የሴራሚክ ጠጠሮች ተሸፍኗል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከሕንፃው ጀርባ ስለምትሆን ፊቱ ጥላ ነው፤ ጥላ ላይ ደግሞ የሴራሚኩ የመስታወት ልባስ አያብለጨልጭም፣ ቀለሙ ፍንትው ብሎ ይወጣል። እያንዳንዷ ጠጠር ጥፍር ታክላለች። አንዱ ኮከብ ላይ አንዷ ጫፍ ከሌሎቹ ትንሽ አጠር ብላለች፤ የቆረጣት ሰው መዶሻው እንዴት እንዳረፈ ይታይሻል። እነዚያ ሰዎች ባሕር ተሻግረው መጡ፣ ሠሩ፣ የእጃቸው ሥራ ይኸው እዚህ ቀረ። እዚያ ግድግዳ ሥር ብዙ ቆየሁ፣ እታለም። ለምን እንደሆነ አንቺ ይገባሻል።

የማታዎቹ ትንሽ ደብዝዘዋል። ቦርሳ ውስጥ የማይገባ ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ የሰልፊ እንጨትም እንደዚያው። ስልኩን የሐይቁ አጥር ላይ አስደግፌ፣ ሰዓት ቆጣሪውን ሞልቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው ያነሳኋቸው።

በሚቀጥለው በጠዋቱ እገባለሁ፣ ያኔ የሞሮኮው ማማ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ከእነዚህ ውስጥ አንድ ብቻ የምታሳትሚ ከሆነ የኮከቡን አሳትሚልኝ፣ ጫፏ አጠር ያለችው እንዳትቆረጥ ንገሪያቸው።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ