«ዘይት በመጠኑ» ስንት ነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጋዜጣችሁ ስለ ውፍረት፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት በሚያወጣቸው ጽሑፎች «የምትመገቡትን ካሎሪ መዝግቡ» የሚለው ምክር ደጋግሞ ይነበባል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ገጹን ገልጠን የምግብ አሠራር አምዱ ጋ ስንደርስ «ዘይት በመጠኑ»፣ «ቅቤ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል እናገኛለን። መመዝገብ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩን የሚዘጋው እነዚህ ቃላት ላይ ሲደርስ ነው። የቤታችን ምግብ እንዴት እንደሚመዘን፣ ልማዱም ለዓመታት እንዴት እንደሚዘልቅ በዝርዝር ልጽፍ የተነሳሁት ለዚህ ነው፤ ለአዘጋጆቹም አንድ ጥያቄ አለኝ።

በቅድሚያ የቀን ፍላጎትን መገመት ያስፈልጋል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚፍሊን ሴንት ጂኦር ቀመር ለዚህ ይበቃል። ክብደት በኪሎ በ10 ይባዛል፤ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ተባዝቶ ይደመርበታል፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነሳል፤ ከዚያ ለወንድ 5 ይጨመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል። የ40 ዓመት፣ 75 ኪሎ፣ 160 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት 1,389 ካሎሪ ይደርሳታል፤ ይህ ሰውነቷ ዐርፎ ሳለ የሚያቃጥለው ነው። ውሎዋ ቢሮ ተቀምጣ ከሆነ በ1.4 ሲባዛ 1,945 ገደማ ይሆናል። ክብደት ለመቀነስ ከዚያ ላይ 400 ቀንሳ በቀን 1,550 አካባቢ ብትይዝ ሳትራብ ትዘልቃለች። ቁጥሩ ግምት ስለሆነ የሚታረመው ከአራት ሳምንት በኋላ በሚዛኗ ነው።

አሁን ወደ ድስቱ። የእኛ ወጥ በሳህን ላይ ቢመዘን ምንም አይናገርም፤ ሁለት ቤት የተሠራ ምስር ወጥ በመልክ አንድ ሆኖ በካሎሪ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ የሚመዘነው ድስቱ ነው፤ መዝገቡም መጀመር ያለበት ከሚሠራው ሰው እጅ ነው። 5 ኪሎ የሚችልና በ1 ግራም የሚቆጥር የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ባዶው ድስት ይመዘንና ክብደቱ በፕላስተር ተጽፎ እጀታው ላይ ይለጠፍ፤ ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ወጡ ሲወጣ ድስቱ እንዳለ ተመዝኖ የባዶው ክብደት ይቀነሳል።

አንድ ድስት ምስር ወጥ እንይ። 500 ግራም ክክ ምስር 1,750 ካሎሪ፣ 600 ግራም ሽንኩርት 240፣ 50 ግራም በርበሬ 150 ገደማ፣ 150 ሚሊ ሊትር ዘይት ደግሞ 1,230 ይይዛሉ። ድምሩ 3,370 ነው። ወጡ ውሃውን ጨምሮ 2,100 ግራም ከሆነ በ100 ግራም 160 ይደርሳል፤ 120 ግራም የሚይዝ አንድ ጭልፋ 190 ገደማ ነው። ከጠቅላላው ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው የመጣው ከዘይቱ ነው። ዘይቱ በግማሽ ቢቀነስና ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቀር ያው ጭልፋ ወደ 160 ይወርዳል። በቀን አራት ጭልፋ ለሚበላ ሰው ልዩነቱ 120 ካሎሪ ነው፤ ምስሩም ሆነ በርበሬው አልተነካም።

ዘይት ላይ ስህተት የሚፈጠረው ቁሌቱ ሲበስል ነው። ሽንኩርቱ ድስቱን ሲይዝ እጅ ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል፤ ትንሽ ጠብ ይደረጋል፣ ቆይቶ እንደገና ይደገማል። እነዚያ ጠብታዎች በማንም ደብተር ላይ አይገቡም። መፍትሔው ሥራው ሳይጀመር ዘይቱን በብርጭቆ ለክቶ ምድጃው አጠገብ ማስቀመጥና ጠርሙሱን ወደ ቁም ሣጥኑ መመለስ ነው። ቁሌቱ ሲይዝ ውሃ ጠብ ይደረግ፤ ከብርጭቆው የተረፈ ዘይት ካለ ከሒሳቡ ይቀነስ። የየቤቱ ብርጭቆ መጠኑ ስለሚለያይ ሚዛን ላይ ተቀምጦ 100 ግራም ውሃ ይፈሰስበትና መስመሩ በማርከር ምልክት ይደረግበት፤ እሱ 100 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ እንደሆነ በቃል መያዝም ይጠቅማል። ሌላው የሚዘነጋው ዘይቱ ከላይ የወጣ ወጥ ነው። ሳይማሰል ቢቀዳ የመጀመሪያው ጭልፋ ከመጨረሻው እጅግ ይበልጣል፤ ስለዚህ እየተማሰለ ይቀዳ።

ሚዛን የሌለው ቤትም አይቸገርም። ድስቱ ስንት ጭልፋ እንደሚያወጣ አንድ ቀን ይቆጠር። የላይኛው ምስር ወጥ 18 ጭልፋ ካወጣ 3,370 ለ18 ይካፈላል። በሸክላ ድስት ለሚሠሩም የሚቀለው ይኸኛው መንገድ ነው፤ የሸክላው ክብደት ብዙ ጊዜ ከትንሽ ሚዛን አቅም በላይ ይሆናል።

የዘይቱን ነገር ከሁሉ በታማኝነት የሚናገረው ግን ጀሪካኑ ነው። 5 ሊትር ዘይት ሲከፈት ቀኑ ላዩ ላይ ይጻፍ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በ30 ቀን ከጨረሰው ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 270 ካሎሪ ገደማ ይደርሳል። በ20 ቀን ካለቀ 410 ይሆናል። ይህ በየቀኑ መመዝገብ ለሰለቸው ቤተሰብ የመጨረሻው ቀላል መዝገብ ነው፤ በዓመት 12 ቁጥር ብቻ ይጠይቃል። የተነጠረ ቅቤም እንዲሁ ነው፤ 1 ኪሎ ወደ 8,800 ካሎሪ ይይዛል። ያልተነጠረው ውሃ ስላለበት ያንሳል፤ ስለዚህ መመዘን ያለበት ከተነጠረ በኋላ ነው። ክትፎን ለምሳሌ ብንወስድ 200 ግራም ቀይ ሥጋ 300 ካሎሪ ገደማ ሆኖ ሳለ በላዩ የሚፈሰው 40 ግራም ቅቤ 350 ነው። ሰዎች ግን «ሥጋ በላሁ» ብለው ሥጋውን ይመዘግባሉ።

እንጀራ ላይ የሞባይል መተግበሪያዎች የሚሰጡት ቁጥር የሚያሳስተው «አንድ እንጀራ» የሚባል ቋሚ መጠን ስለሌለ ነው። የሚያዛልቀው በዱቄቱ መቁጠር ነው። 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,600 ካሎሪ ገደማ ነው። ከኪሎው 6 ትልልቅ እንጀራ የሚያወጣ ቤት ለእያንዳንዱ 600፣ 9 ስስ የሚያወጣ ደግሞ 400 ይመዘግባል። ውሃ መብዛቱ እንጀራውን ያከብደዋል እንጂ ካሎሪ አይጨምርም። ገብስ ወይም ሩዝ መቀላቀሉም ቁጥሩን እምብዛም አይለውጠውም፤ የእህል ዱቄት ሁሉ በካሎሪ ተቀራራቢ ነው። ጥቁር ጤፍ ከነጩ «ያቀጥናል» የሚባለውም በካሎሪ በኩል መሠረት የለውም። እንጀራ ከውጭ የሚገዛ ሰው አንድ ኪሎ ስንት እንጀራ እንደሚይዝ ይመልከትና 100 ግራሙን በ150 ያስላ።

አንድ ትሪ ላይ አብሮ መብላት መመዝገብን ያከሽፋል የሚሉ አሉ። አልስማማም። ለብቻ በሳህን መብላት በብዙ ቤት ቅያሜ ይፈጥራል፤ ልማዱን ለዓመታት ለማቆየት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር የሚያቃቅር መንገድ መምረጥ የለበትም። ጥቅል እንጀራ በቁጥር መያዝ ይቻላል። እንጀራው አራት ቦታ ተቆርጦ ከተጠቀለለ አንዱ ጥቅል ሩብ ነው፤ የ600ው እንጀራ ሩብ 150 ይሆናል። አብዛኛው ሰው ወጡን የሚያነሳው በእንጀራው ልክ ስለሆነ ጥቅሉን መቁጠር ወጡንም በተዘዋዋሪ ይቆጥረዋል። ጉርሻም አለ፦ 25 ግራም እንጀራና 15 ግራም ወጥ 60 ካሎሪ ገደማ ነው። የጎረሱትን ሁሉ ለመጻፍ ከመሞከር በቀን 150 ካሎሪ ለጉርሻና ለመቅመሻ አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። ወጥ የምትሠራው ሰው ቅምሻ ደግሞ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል።

ሳይታወቅ የሚያልፈው ሌላው መጠጥ ነው። ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 6 ግራም ይመዝናል። አቦል፣ ቶናና በረካ ላይ ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው 144 ካሎሪ ጠጥቷል፤ ከቡናው ቁርስ አንድ እፍኝ ቆሎ ደግሞ 30 ግራም ቢሆን 115 ነው። 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ኮካ ኮላ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የአቮካዶ ጭማቂ 200 ግራም አቮካዶና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ከገባበት 420 ይደርሳል፤ ይህ ለብዙ ሰው እራት ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሰው ሆን ብሎ ስለሚዋሽ አይደለም። በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የኒውዮርክ ጥናት «ትንሽ እየበላሁም አልቀንስም» የሚሉ 10 ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሰውነታቸው ኃይል የሚያቃጥልበት መጠን ጤናማ ሆኖ ተገኘ፤ የበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አብልጠው ተናግረዋል። ሲመሽ ከትዝታ የሚጻፍ መዝገብ እንዲህ ያለ ጉድለት አለው። ከመብላት በፊት ወይም ወዲያው ከበሉ በኋላ ይጻፍ። በእግር የተሄደበትን ካሎሪ ስልኩ ስላሳየ ብቻ በምግብ መተካትም ይቅር።

ጾምን በተመለከተ ብዙ የተሳሳተ ግምት አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና ቅቤ ስለቀሩ ክብደት በራሱ ይወርዳል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን አልጫውም፣ ቀዩም፣ ተጋቢኖውም፣ የተጠበሰው ድንችም ዘይት ይጠጣሉ፤ የጀሪካኑ ቀን በጾም ወራት ሲያጥር ይታያል። ረቡዕና ዓርብ አርፍዶ የሚበላ ሰው ደግሞ የቀን ሳይሆን የሳምንት ሒሳብ ቢይዝ ይቀለዋል። 1,550 በሰባት ቀን 10,850 ነው፤ በጾሙ ቀን ያነሰው ለቅዳሜና እሑድ ይሸጋገራል። ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን ሚዛኑ 2 ኪሎ ቢጨምር መደንገጥ አይገባም። 2 ኪሎ ስብ ለመሥራት ከፍላጎት በላይ 15,400 ካሎሪ ያስፈልጋል። የታየው አብዛኛው ጨውና እህል የያዙት ውሃ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ይወርዳል። ደብተር ከሚቋረጥባቸው ቀናት ዋነኛው ይህ የበዓል ማግስት መሆኑን በተደጋጋሚ አስተውያለሁ፤ እውነተኛው ጉዳት የሚመጣው ከበዓሉ ይልቅ ከዚያ በኋላ ሳይመዘገብ ከሚያልፈው ወር ነው።

ሰውነትን መመዘን ጠዋት፣ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ምግብም ውሃም ሳይቀመስ፣ ሚዛኑ ምንጣፍ በሌለበት ወለል ላይ ተቀምጦ ነው። የአንዱ ቀን ቁጥር ዋጋ የለውም፤ የሰባቱ ቀን አማካይ ይጻፍ። ሴቶች የዚህን ሳምንት አማካይ ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያነጻጽሩት፤ የወር አበባ የሚይዘው ውሃ የሁለት ሳምንት ልፋት ሊሸፍን ይችላል። አማካዩ አራት ሳምንት ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ጭልፋው አድጓል፣ ወይ ወጥ ሠሪው ተለውጧል፣ ወይ ሰውነቱ ቀልሎ ፍላጎቱ ወርዷል። ሦስቱም በዚህ ቅደም ተከተል ይፈተሹ።

ግራም መቁጠር ለዕድሜ ልክ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ሁሉም ይመዘን። አንድ ቤት የሚያፈራርቀው ወጥ ከደርዘን ብዙም ስለማይዘል በዚያ ጊዜ ውስጥ የቤቱ ሰንጠረዥ ይሞላል፤ በአንድ ገጽ ተጽፎ ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ «ሦስት ጥቅል፣ ሁለት ጭልፋ ምስር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የተፈለገው ክብደት ላይ ሲደረስ ደብተሩ ይረፍ፤ ሚዛኑ ግን አይረፍ። በየሦስት ወሩ አንድ ሳምንት፣ እንዲሁም አማካዩ ከተያዘው ምልክት 2 ኪሎ ባለፈ ጊዜ ወደ መመዝገቡ ይመለሱ። በአሜሪካ ከ1994 ጀምሮ ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከዓመት በላይ ያቆዩ ሰዎችን የሚከታተል ብሔራዊ መዝገብ አለ፤ ከአባላቱ 75 በመቶው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘናሉ።

ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናትና ከምግብ ጋር የተያያዘ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸው ሰዎች ይህን ሒሳብ በራሳቸው አይጀምሩ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ምግብ ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግቡ ከተቀነሰ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ እነሆ። የምግብ አሠራር አምዳችሁ ከእያንዳንዱ ወጥ ሥር ሦስት ነገር ይጨምር፦ የዘይቱን ወይም የቅቤውን ልክ፣ የበሰለውን ወጥ ክብደት፣ የ100 ግራሙን ካሎሪ። ሽሮ ቢሆን እንዲህ ይነበባል፦ «ሽሮ 150 ግራም፣ ሽንኩርት 200 ግራም፣ ዘይት 60 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር። ሲበስል 1,150 ግራም። በ100 ግራም 98 ካሎሪ።» በአምዱ ላይ የሚይዘው ቦታ ከሁለት መስመር አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ