የፊዚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አቅጣጫውን ማን መረጠው?

ክበባችን ዘንድሮ ከመማሪያ መጽሐፉ ወጣ ያለ ርዕስ ይዞ ነው የከረመው። ሲሜትሪ፣ ማለትም ነገሩን ብናዞረው ወይም ብንለውጠው ሕጉ ያው ሆኖ መቅረቱ፣ በራሱ ጊዜ እንዴት ይሰበራል? ለልጆቹ ይከብዳል ያሉ ነበሩ። አልከበዳቸውም።

የጀመርነው በከሰል ምድጃ ነው። ሚስማር በቀጭን ሽቦ አንጠልጥለን ፍሙን አራገብን። ሚስማሩ ፍም ሲመስል ማግኔት አስጠጋንለት፤ ንቅንቅ አላለም። ቅላቱ እየደበዘዘ ሲሄድ ግን ድንገት ወደ ማግኔቱ ተወረወረ። ልጆቹ ጮኹ። ደጋግመን ሠራነው።

ብረት ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ማግኔትነቱን ያጣል። ይህ ልክ በፒየር ኩሪ ስም ይጠራል። ከዚያ በላይ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ፤ ሁሉም አቅጣጫ ለእነሱ እኩል ነው። ሲቀዘቅዝ ጎረቤታሞቹ አንድ አቅጣጫ ይይዛሉ። ሕጉ ግን የትኛውንም አላስበለጠም። ሲሜትሪ ተሰበረ የምንለው ይህንን ነው። “ታዲያ ማን መረጠው?” አለች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ እላታለሁ። በእኛ ሙከራ የመረጠው ማግኔቱ ነው። ማግኔት ባይኖር ደግሞ ብረቱ በየሰፈሩ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱን ሰፈር ወደ አንዱ ለመግፋት ኢምንት ነገር ይበቃል።

ይህን ሐሳብ ወደ ቅንጣቶች ፊዚክስ ያመጣው ዮይቺሮ ናምቡ እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልሟል። ጄፍሪ ጎልድስቶን ደግሞ እንደ መሽከርከር ያለ ተከታታይ (በፈለጉት ያህል በትንሽ በትንሹ ሊለወጥ የሚችል) ሲሜትሪ ሲሰበር መጠነ ቁስ የሌለው ቅንጣት እንደሚፈጠር አሳየ። ለቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚሰጠውን የሂግስን መስክ ነገር በአንድ ስብሰባ አለፍነው፤ ብዙ ተወርቶለታል።

እኔን ያስደሰተኝ የመጨረሻው ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጋዮቶ፣ ካፑስቲን፣ ሳይበርግና ዊሌት የሲሜትሪን ትርጉም አሰፉት። የተለመደው ሲሜትሪ የሚመለከተው ነጥብ የሚያህሉ ቅንጣቶችን ነው። አዲሱ መስመሮችንም ይጨምራል። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳው ላይ ዝግ ሳጥን ሳለና “ውስጡ ቻርጅ ከሌለ የገባው የኤሌክትሪክ መስክ መስመር ሁሉ ይወጣል” አለ። ለፈተና ያጠኑት የጋውስ ሕግ ነው! ከዚህ ጀርባ ያለው የመስመሮች ሲሜትሪ በባዶ ሕዋ ውስጥ ተሰብሯል። የጎልድስቶንን ቦታ የሚይዘው መጠነ ቁስ አልባ ቅንጣት ደግሞ ፎቶን ነው፤ ይኸው በየቀኑ የምናየው ብርሃን። ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ አልሠራነውም፤ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃቸዋል።

ለከርሞ የኩሪን ሙቀት ራሳችን መለካት እንፈልጋለን። እስከ 1000 ዲግሪ የሚለካ ቴርሞካፕል ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን በጥንቃቄ ይዘን እንመልሳለን።