ከርቤው ቤት በሚዘጋጅበት መልክ ይመርመር

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የባህል መድኃኒት ዕፅዋት በላቦራቶሪ ተፈትነው ባክቴሪያ እንደገደሉ የሚገልጹ ዜናዎች በየጊዜው በጋዜጦቻችን ይወጣሉ። ድሬዳዋ ውስጥ በላቦራቶሪ ሙያ የምሠራ በመሆኔ እነዚህን ዜናዎች በጉጉት አነባቸዋለሁ፤ ነገር ግን አንባቢው ውጤቱን በልኩ ለመመዘን የሚያስፈልገው አንድ ነገር፣ ማለትም መጠኑ፣ ዘወትር ይጎድልባቸዋል።

ፍተሻው በአብዛኛው የሚካሄደው ባክቴሪያው በተዘራበት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል መሰል ምግብ) ላይ ከዕፁ የወጣውን ንጥር በማኖርና በማግስቱ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ በሚሊሜትር በመለካት ነው። ለማወዳደሪያ የሚቀመጠው፣ ጄንታማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ያለበት ትንሽ የወረቀት ዲስክ የሚይዘው 10 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም ካለው ንጥር 100 ማይክሮሊትር ሲጨመር ግን 10 ሚሊግራም፣ ማለትም የአንቲባዮቲኩ 1000 እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ እኩል ክብ ስላሳዩ ብቻ «ዕፁ የአንቲባዮቲኩን ያህል ሠራ» ብሎ መጻፍ ሕዝብን ያሳስታል። በሌላ በኩል ዘይትነት ያላቸው ንጥረ ነገሮች ውኃ በሚበዛበት አጋር ውስጥ እንደልብ ስለማይሰራጩ፣ የክቡ መጥበብም ዕፁ ደካማ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ንጥሩ ደረጃ በደረጃ እየቀጠነ ባክቴሪያውን የሚገታው ዝቅተኛ መጠን እስካልተለየ ድረስ ፍተሻው አልተጠናቀቀም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማሟሟያው ጉዳይ ነው። ከቀፊራ ገበያ የተገዛውን ከርቤ ብዙ ቤተሰብ በውኃ ዘፍዝፎ ቁስል ያጥብበታል፣ አፉንም ይጉመጠመጥበታል። ከርቤ በውኃ የሚሟሟ ሙጫ፣ በአልኮል የሚሟሟ ሬዚንና ተናኝ ዘይት አለው፤ የዘፈዘፍነው ውኃ የሚደፈርሰውም ሬዚኑና ዘይቱ ሳይሟሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ መልክ ስለሚንሳፈፉ ነው። ተመራማሪው ሜታኖል በተባለ የአልኮል ዓይነት ሲያወጣው ሬዚኑንና ዘይቱን ይወስዳል፣ ሙጫው ይቀራል። እንግዲህ ሳህኑ ላይ የተፈተነው ሌላ፣ ቁስሉ ላይ የሚፈሰው ሌላ ነው።

ስለዚህ በሐረማያም ሆነ በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎቻችን ከሜታኖሉ ጎን ለጎን የቤቱን የውኃ ዝፍዝፍ እንዲፈትኑ፣ ሜታኖሉ ብቻውን ባክቴሪያ አለመግደሉን እንዲያረጋግጡ፣ ምንም ያልሠራ ንጥር ሲያጋጥማቸውም ውጤቱን ሳይደብቁ እንዲያሳትሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዝግጅት ክፍላችሁም እንዲህ ያለ ዜና ሲያወጣ ንጥሩ በምን እንደተሟሟና በምን ያህል መጠን እንደተፈተነ አብሮ ቢገልጽልን።

ከአክብሮት ጋር
የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ