ቲያትር በቁም

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ አባዬስ ጉልበቱን ተሻለው? ሚሚ ጮክ ብለሽ አንብቢላት እሺ፣ እየዘለልሽ አይደለም።

ስትደውዪ ሁሌ "ለንደንን ዞረሽ አየሽ ወይ" ትይኛለሽ፣ እውነቱን ልንገርሽና 4 ዓመት ሙሉ ያየሁት የሌሊት አውቶብስና የማጸዳውን ቢሮ ነው። ቅዳሜ ግን ኦፍ ነበርኩ፣ አብራኝ የምትሰራው ልጅ ጎትታ አወጣችኝ።

መጀመሪያ ድልድዩ ጋ ሄድን። ያ ፖስትካርድ ላይ ያለው ባለ ሁለት ማማው ለካ ለንደን ብሪጅ አይደለም፣ ታወር ብሪጅ ነው የሚባለው፣ ለንደን ብሪጅ ከሱ አለፍ ብሎ ያለ ተራ ድልድይ ነው፣ እኔ ደግሞ ተራው ላይ ቆሜ ስንት ሴልፊ ተነሳሁ ሃሃ። ታወር ብሪጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ በ1894 ነው፣ አድዋ 2 ዓመት ሲቀረው፣ ለአባዬ ንገሪው እንደዚህ አይነት ነገር ይወዳል።

ከዛ ቦሮ ማርኬት ገባን፣ ባቡር ከላዩ የሚያልፍበት የምግብ ገበያ ነው። መርካቶን እንዳታስቢ፣ ትንሽ ነው ግን መተላለፊያ የለም። የመኪና ጎማ የሚያክል አይብ ደርድረው ቅመሺ ቅመሺ ይሉሻል፣ ፍልሰታ መሆኑን የነገራቸው ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ኦይስተር የሚሉትን የባህር እንስሳ ደግሞ ከነቅርፊቱ ከፍተው ሎሚ ጠብ አድርገው ጥሬውን ይውጡታል፣ አስጠላኝ ልል ነበር ግን እኛም ቁርጥ የምንበላ ሰዎች ዝም ብንል ይሻላል። እኔ ዳቦና ወይራ በላሁ፣ ጾሜን አልገደፍኩም አትስጊ። የይርጋጨፌ ቡናም አየሁ፣ ሻጩ ልጅ እንዴት እንደሚፈላ ሊያስረዳኝ ጀመረ፣ አሳዘነኝና እስኪጨርስ ሰማሁት።

ማታ ግሎብ ቲያትር ገባን፣ የሼክስፒር። የድሮው እ.ኤ.አ በ1599 ተሰርቶ በ1613 ትያትሩ መሀል መድፍ ሲተኩሱ የሳር ክዳኑ ተያይዞ ነደደ፣ ይሄኛው በ1997 የተከፈተ ነው፣ ክዳኑ ግን አሁንም ሳር ነው! መሀሉ ደግሞ ክፍት ነው፣ እኛ በ10 ፓውንድ እዛ ሜዳው ላይ ነው የቆምነው። መቀመጫው ውድ ነው። ዘነበ፣ ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል፣ መሬት ቁጭ ስትዪ ደግሞ መጥተው ተነሺ ይሉሻል። እማዬ ቅዳሴ ላይ ስታቆሚኝ አኩርፍ የነበርኩት ልጅ ሦስት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ከፍዬ ቆምኩልሽ፣ መቋሚያ በያዝኩ እያልኩ።

ሃምሌት ነበር። እንግሊዝኛው የድሮ ስለሆነ ግማሹ አመለጠኝ፣ ግን አባዬ ምሽት ምሽት የጸጋዬ ገብረመድኅንን ትርጉም ጮክ ብሎ ያነብልን አልነበር፣ እኔና ሚሚ ብርድልብስ ውስጥ ሆነን፣ የሞተው የሃምሌት አባት መንፈስ ብቅ ሲል ቀድሜ አወቅኩት፣ የሰማሁት በአባዬ ድምጽ ነው። እንባዬ መጣ፣ ደግነቱ ዝናብ ነበር አልታወቀብኝም።

ሚሚ መጽሐፉ ቁምሳጥኑ ላይ ነው፣ ከአልበሙ ስር። አባዬን አስፈቅደሽ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ያመለጠኝን ግማሽ ላንብበው።