ፓምፑ ከመቀየሩ በፊት ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመኪና ገጻችሁ ላይ «አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ከተንተፋተፈ የቤንዚን ፓምፑ ደክሟልና ይቀየር» የሚል ምክር ወጥቷል። ጨርሶ ስህተት ነው አልልም፤ ፓምፕ ይደክማል። ነገር ግን የሰርባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ክዳን፣ ቱቦው፣ ፊልትሮው (ማጣሪያው)፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡሬተሩ የነዳጅ መግቢያ መርፌ፣ ሁሉም ሲበላሹ ያንኑ ምልክት ያሳያሉ። ፓምፑ ቶሎ የሚከሰሰው ለመክሰስ ስለሚቀል ነው። ሁለት ብሎን ይፈታል፣ አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገባል፣ ባለቤቱም የሆነ ነገር እንደተሠራለት ይሰማዋል። በሳምንቱ መንተፋተፉ ይመለሳል።

በቅድሚያ ጥፋቱ የነዳጅ መሆኑ ይታወቅ። አጠፋፉ ራሱ ይናገራል። የእሳት መስመር (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ኤሌክትሪክ) ሲቋረጥ ሞተሩ ቁልፍ እንደተዘጋበት በአንዴ ድርግም ይላል። ነዳጅ ሲያጥረው ግን እየሳለ፣ አንዴ እያገገመ አንዴ እየወደቀ ነው የሚጠፋው። ካርቡሬተር ባለው መኪና ላይ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ አለ። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የአየር ፊልትሮው ይነሳና ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ እያዩ የነዳጅ መስጫውን ዘንግ በእጅ ሳብ ማድረግ ነው። ከትንሿ አፍንጫ ቀጭን የቤንዚን ጅረት ቱር ብሎ ከወጣ የካርቡሬተሩ የነዳጅ ቋት ውስጥ ነዳጅ አለ። ካልወጣ ወይ ቋቱ ባዶ ነው፣ ወይ ቤንዚኑን ወደ አፍንጫዋ የምትገፋው ትንሽ መግፊያ ላስቲኳ ደርቋል። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ደጋግሞ ከተመታ በኋላ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠውን) ፈትቶ ማየትም ይረዳል። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም። ርሶ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ነዳጁ ደርሷልና ፍለጋው እሳት ወደሚያመነጩት ወደ ቦቢናና (የእሳት ጥቅልሉ) ፑንቲና (የእሳት መቆራረጫው) ይዙር።

ነዳጅ አለመድረሱ ከተረጋገጠ ፍተሻው ከኋላ ይጀምር። የሰርባትዮው ክዳን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ነዳጅ በወጣ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ ሰርባትዮው ውስጥ መሳብ ይፈጠርና ፓምፑ የሚጎትተው ያጣል። እንዲህ ያለ መኪና ጥቂት በደንብ ሄዶ ይታፈናል፤ ቆሞ ሲያርፍ መልሶ ይነሳል። ሲጠፋ ወዲያው ክዳኑን ፈታ ማድረግ ነው። አየር ፉጭ ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበና ሞተሩ ከተነሳ ወንጀለኛው ተገኘ፤ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ይጸዳል፣ ካልሆነ ለዚያው መኪና የተሠራ ክዳን ይገዛል። ሰርባትዮው ውስጥ ያለ ዝገትና ዝቃጭም ተመሳሳይ ጸባይ አለው። ሞተሩ ሲስብ ቆሻሻው መሳቢያው አፍ ላይ ይለጠፋል፣ ሲጠፋ ወደ ታች ይረግፋል። ሁለቱን የሚለየው ክዳኑ ነው፤ ተፈትቶም ካልተሻለው ሰርባትዮው ወርዶ መታጠብ አለበት። የውስጥ ዝገት እያለ ፊልትሮ መቀያየር ማለቂያ የለውም።

ቱቦው ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ከፓምፑ ወደ ሞተር ያለው ክፍል ሲቀደድ ነዳጅ ያንጠባጥባል፣ ይታያል፣ ይሸታል። ከሰርባትዮ እስከ ፓምፕ ያለው ግን በመሳብ የሚሠራ ስለሆነ ሲሰነጠቅ ሁልጊዜ አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። መሬቱ ደረቅ ስለሆነ «ምንም አያፈስም» ተብሎ ይታለፋል። ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ግልጽ ፕላስቲክ የሆነች ፊልትሮ ጥሩ መስኮት ናት። ሞተሩ እየሠራ አረፋ ያለማቋረጥ ሲያልፍባት ከታየ ከበስተኋላ አየር እየገባ ነው። ፊልትሮዋ ግማሽ ባዶ ሆና መታየቷ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም፤ ደህና የሚሠራ መኪና ላይም እንዲያ ትሆናለች። ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊላጥ እንደሚችልም አይዘንጋ፤ የተላጠው ንጣፍ በመሳብ ጊዜ እንደ መዝጊያ መንገዱን ይደፍናል። ዕድሜው በውል የማይታወቅ ቱቦ ሁሉ ይቀየር፤ ማጥበቂያዎቹም አብረው። ፊልትሮ ላይ የታተመው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት።

አሁን ወደ መለኪያው። ሞተሩ ላይ ተገጥሞ በካሙ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) የሚገፋው የድሮ ፓምፕ ግፊቱ ትንሽ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር። ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) በሦስት አፍ ማገናኛ ከፓምፑና ከካርቡሬተሩ መሃል ይገባና በሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲሠራ፣ ይነበባል። እዚህ ላይ ነው ልምድ ያለው ሰው ሳይቀር የሚሳሳተው። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ፣ ከግማሽ በላይ የተደፈነ ፊልትሮም ሙሉ ግፊት ያሳያል። ቁጥሩ ጥሩ ነው ተብሎ መኪናው ይወጣል፤ ዳገት ላይ ብዙ ነዳጅ ሲጠየቅ ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ አይደርስም። ስለዚህ ግፊት ብቻውን አይበቃም፣ መጠኑም ይለካ። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ፣ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባው ቱቦ ይፈታና በተመተረ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሪኖው ከ15 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ይመታል። ቤንዚኑ እየተመታ፣ አረፋ ሳይቀላቀልበት በጉልበት መውጣት አለበት። የተገኘው መጠን ከመኪናው የጥገና መመሪያ ጋር ይነጻጸር። ግፊቱ ኖሮ መጠኑ ካነሰ ፊልትሮና ቱቦ ይፈተሹ። ሁለቱም ካነሱ ደግሞ ለፓምፑ የሚሆን ነዳጅ ከሌላ ንጹሕ ዕቃ በአጭር ቱቦ ይሰጠው። ያኔ ከተስተካከለ ፓምፑ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ከበስተኋላው ነው። ካልተስተካከለ በርግጥም ፓምፑ ይቀየር።

ሲቀየር ከፓምፑና ከሞተሩ መሃል ያለው ወፍራም ማራቂያ ውፍረቱ እንዳይለወጥ። ሙቀትም ይከላከላል፣ የፓምፑ ክንድ የሚገፋበትንም ርቀት ይወስናል። ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ደርቦ የገጠመ ሰው አዲሱን ፓምፕ በገዛ እጁ አደከመው ማለት ነው። የድሮው ፓምፕ ገለፈት (ነዳጁን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ተቀዶ ከነበረ ደግሞ የዘይት መለኪያው ይሽተት። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ቤንዚን ከሸተተ ቤንዚን ገብቶበት ቀጥኗል፤ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ አይነሳ፣ ብሮንዚናዎቹ (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው መደገፊያዎች) ይበላሉ።

ለኢንጀክሽን መኪና (ነዳጁ በግፊት ለሚረጭበት) የተሠራ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ካርቡሬተር ላይ መግጠም የተለመደ ጥፋት ሆኗል። እሱ 3 ባር አካባቢ የሚገፋ ነው፤ የካርቡሬተር መርፌ ይህን ሊገታ አይችልም። ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለ ሞተር ላይ ይፈስሳል። ይህ እሳት ነው።

ነዳጁ እስከ ካርቡሬተሩ አፍ እየደረሰ መኪናው ካልተሻለው፣ መግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ትታይ። መኖሯን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቀጥሎ በቋቱ ውስጥ መርፌዋን የሚያንቀሳቅሰው ተንሳፋፊ ይፈታ። ጆሮ ጋ አድርጎ ሲነቀነቅ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀበት ሰምጧል። ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር የተበሳበት ቦታ አረፋ ያወጣል። የናሱን ተንሳፋፊ በብየዳ ለመድፈን የሚሞክሩ አሉ፤ በውስጡ የቤንዚን ትነት ስለሚኖር ሊፈነዳ ይችላል፣ ይቀየር። ጂግለሮቹን (ነዳጁ በልክ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች) በተመለከተ ጸባያቸው ይለያቸዋል። ነዳጅ ሲሰጠው የሚሄድ፣ ሲለቁት ግን በሚኒሞ የሚጠፋ ሞተር የሚኒሞው ጂግለር ተደፍኖበታል። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛበት የሚታፈን ደግሞ ዋናው ጂግለር ይታይለት። በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ የናሱ ቀዳዳ በመቶኛ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ቅልቅሉ ለዘለዓለም ይዛባል። በማጽጃ ፈሳሽ ነክሮ በአየር መንፋት ይበቃል፣ ዓይን በመነጽር ተከልሎ። ካርቡሬተሩ ላይ ሽቦ የገባበት የሚኒሞ መዝጊያ ካለ፣ ቁልፍ ሲከፈት ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ ካርቡሬተሩ ሳይፈታ በፊት እሱ ይፈተሽ።

የመጀመሪያዎቹ ኢንጀክሽን መኪኖች ሥራ ይለያል። ቁልፍ ሲከፈት ከኋላ ለሁለት ሰከንድ ያህል የፓምፕ ድምፅ የሚሰማባቸው ብዙ ናቸው። ከሌለ ፊውዙና ሪሌው (የኤሌክትሪክ ማብሪያው) ይቅደሙ። ድምፁ ካለ ግፊቱ ይለካ፤ በብዙዎቹ ከ2.5 እስከ 3 ባር ነው። ከግፊት መቆጣጠሪያው ላይ የቫኪዩም ቱቦው (የሞተሩ መሳብ የሚደርስበት) ሲነቀል ግፊቱ በግማሽ ባር ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ከዚያች ቱቦ ቤንዚን ከወጣ መቆጣጠሪያው ተቀዷል። ፓምፕ ከመቀየሩ በፊት ደግሞ እየሠራ ሳለ ራሱ ፓምፑ ጋ ያለው ቮልት ይለካ። ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ጥፋቱ የሽቦ ነው፤ ብዙ ጊዜም በቦዲው ላይ የዛገው የኔጌቲቭ ማሰሪያ። በ10 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ ደካማ ቢመስል አያስገርምም። የእነዚህ መኪኖች ቱቦ ከመፈታቱ በፊት የፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ይሥራ፤ አለዚያ ቤንዚኑ ፊት ላይ ይረጫል።

ስለ ጥንቃቄ ገጻችሁ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈም። ነዳጅ በሚፈታበት ቦታ በሙሉ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል፤ ሞተሪኖ ወይም ፓምፕ የግድ በሚሠራበት መለኪያ ጊዜ ብቻ ይመለስ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ይቀመጥ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ ስለዚህ ጉድጓድ ላይ በቆመ መኪና ቤንዚን አይቀዳ። በአፍ መሳብ ሳንባ ያቃጥላል። ሞተሪኖ እየተመታ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ቤንዚን ማፍሰስም የተለመደ ቢሆንም፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተኩስ እሳቱ የሚያገኘው የያዘውን ሰው እጅና ፊት ነው።

በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ ብታወጡ፣ ከላይ ያሉት የግፊት ቁጥሮች ለቤንዚን ሞተር ብቻ መሆናቸውን አብራችሁ አስፍሩ። የናፍታ ሞተር መስመር ለብቻው የሚታይ ነው፤ እዚያ ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ አየሩ በእጅ ፓምፕ ካልወጣ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አይነሳም፤ ያም ቢሆን ፓምፑ ተበላሸ ተብሎ ሲፈታ ይታያል።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ መካኒክ