ጎራዴውን አይተናል፣ ባለጎራዴውስ የት አለ?

ለተከበሩ የባህልና ቅርስ ቢሮ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። በማመልከቻ ሁለቴ ጠይቄ መልስ ስላጣሁ ነው እንዲህ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ቤተሰባችን በእናንተ ስር ላለ አንድ ሙዚየም ጎራዴ ሰጥቶ ነበር። በነጻ ነው የሰጠነው፣ ገዢ ጠፍቶ እንዳይመስልዎ፣ አያቴ "ዕቃው ሜዳ ላይ ከሚቀር ሰው ይየው" ስላለች ነው። ያኔ የሰጡንን ፎርም ቁጭ ብለን ስንሞላ ግማሽ ቀን ፈጀብን። የባለቤቱን ስም ከነአባቱ፣ የፈረሱን ስም፣ በማን ስር እንደዘመተ፣ ሁሉንም ጻፍን። ባለፈው ወር ልጆቼን ይዤ ሄድኩና መስታወቱ ስር ያለችውን ወረቀት አነበብኳት፦ "ጎራዴ። ብረት፣ ቀንድ፣ ቆዳ። 19ኛው ክ/ዘመን።" በቃ። ትንሹ ልጄ "የኛ ነው ያልከው ውሸትህን ነው እንዴ?" አለኝ፣ ምን ልበለው?

የአያቴ አያት ናቸው ባለጎራዴው። በቤተሰብ ሲወርድ የመጣው ታሪክ ከወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ጋር አድዋ ዘምተዋል ነው የሚለው። የካቲት 23 ቀን 1888 ከአራቱ የጣሊያን ብርጌዶች አንዱ፣ የጄኔራል ዳቦርሚዳው፣ ከሌሎቹ ተነጥሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ የወሎ ፈረሰኛ እንዴት እንደወረደበት እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፣ ጄኔራሉም እዛው ነው የቀረው። የኛ ሰው እዛ ምን እንዳደረጉ ግን ብዙም አይናገሩም ነበር አሉ። አያቴ ልጅ ሆና ስትጠይቃቸው ስለ ፈረሱ ብቻ ነው የሚያወሯት፣ ጫማ የሚባል ነገር ሳይኖር የእግር አውራ ጣት ብቻ እርካቡ ቀለበት ውስጥ ገብቶ ቁልቁለት እንዴት እንደሚጋለብ፣ ፈረሱ ውሃ ሲጠማው ምን እንደሚያደርግ ምናምን። የሰፈሩም ሰው በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠራቸው፣ ምኒልክን አባ ዳኛው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እንደሚሉት ማለት ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፣ ፎርሙ ላይ አለላችሁ፣ ፈልጋችሁ አውጡት።

ሌላው ያናደደኝ አሻንጉሊቱ ነው። ያ ልብስ ያለበሳችሁት የእንጨት ሰውዬ ጎራዴውን በግራው ነው የታጠቀው፣ ልክ እንደ ፈረንጅ መኮንን! በኛ አገር እኮ ጎራዴ በቀኝ ነው የሚታጠቀው፣ ግራ እጅ ጋሻ ስለሚይዝ። የድሮ ፎቶዎችን ማየት ይበቃል።

ስለቱን ደግሞ ቀረብ ብሎ ያየው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከእጀታው ዝቅ ብሎ በላቲን ፊደል "ሶሊንገን" የሚል ጽሁፍ አለ፣ የጀርመን ከተማ ናት፣ በጎራዴና በቢላ የታወቀች። በዛ ዘመን ብዙ ስለት ከአውሮፓ ፋብሪካ ይመጣና የአውራሪስ ቀንድ እጀታውና አፎቱ እዚህ ይሰራለት ነበር። ብረቱ ላይ አንበሳም ተስሎበታል፣ ወይም ነበር ልበል፣ ምክንያቱም ማን እንደሆነ አላውቅም ብቻ የሆነ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አብለጭልጮታል፣ አንበሳው አሁን ድመት ነው የሚመስለው። ጣሊያን መሳሪያ ሲሰበስብ አምስት ዓመት ሙሉ ሳር ክዳን ውስጥ ተደብቆ ያልጠፋ አንበሳ!

እና ይሄን ሳስብ ነው የሚገርመኝ። ስለቱን ያመረተው ፋብሪካ ያለበት ከተማ ስሙ ብረቱ ላይ አለ። በ1860 መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው ዕቃ እንኳን፣ ሁሉም ባይሆን፣ እዛ አገር ሙዚየም መዝገብ ውስጥ የትኛው መኮንን እንደወሰደው ተጽፎለታል። ዘራፊው ስም አለው ማለት ነው። ተሸክሞት የዘመተው ሰውዬ ግን በገዛ አገሩ፣ በገዛ ፊደሉ፣ አንድ መስመር አላገኘም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ ሲል ብረቱን መዝኑት ብቻ ማለቱ ነው ብዬ አላምንም።

እሺ፣ በጀት የለም እንዳትሉኝ፣ የምጠይቀው ብዙ ብር አይፈልግም። ወረቀቷ ትቀየር፣ የሰውዬው ስምና የፈረሱ ስም ይግባበት፣ "እንደ ቤተሰቡ አነጋገር" ብላችሁ ብትጨምሩበት አይከፋኝም፣ ማጣራቱም ስራችሁ ነው። ጎራዴው ወደ ቀኝ ይዙር። ብርጭቆ ወረቀት ይቅር፣ ሁለተኛ ማንም እንዳይነካው። የቆዳው አፎት ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚለቅበት መስኮትም መጋረጃ ቢደረግለት ጥሩ ነው፣ መሰነጣጠቅ ጀምሯል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸኩለው ግን አያቴ ናት። እኚያን ሰውዬ በአይኗ ያየች ከኛ ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት፣ ዘጠና አልፏታል። አንድ ባለሙያ ስልኩን ከፍቶ አጠገቧ ቢቀመጥ ይበቃል፣ ካሜራ ምናምን አያስፈልግም። እኔ ልቀዳት ስሞክር "አንተ ታሪኩን ታውቀዋለህ፣ ለምን ታደክመኛለህ" ትለኛለች፣ ለእንግዳ ግን ታወራለች። ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፣ ጠዋት ከሆነ በማንኛውም ቀን ኑ፣ አድራሻችን ፎርሙ ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የባለጎራዴው ልጅ ልጅ ልጅ ልጅ